ከመንገድ በፊት አሥር ቀን፣ ከመንገድ መልስ አንድ ጥያቄ

ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ስንቁን ያሰናዳል። በሶው ይፈጫል፣ ቆሎው ይቆላል፣ የመንገድ ገንዘብ ይቋጠራል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መንገደኛው ከቤት ሳይወጣ ነው፤ መንገድ ላይ ስንቅ እንደማይፈጭ ሁሉም ያውቃልና። የሰውነት ስንቅ፣ ማለትም ክትባትና የጤና ጥንቃቄ ግን እንዲህ ያለ ሰልፍ ይዞ አይታይም። ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በመጨረሻዋ ቀን፣ ያውም ጠያቂ ሲመጣ ብቻ ነው።

በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል፣ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በአስፋልቱ ዳር የምትገኘው ሲሪንቃ በሳይንሱ ዓለም የምትታወቀው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። እኛ ዛሬ ልናነሣት የፈለግነው ግን በመንገደኞቿ በኩል ነው። ከሲሪንቃና ከአካባቢዋ የሚነሣው ሰው መድረሻው ብዙ ነው። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርድ አለ። ለሐጅ ወደ መካ የሚጓዝ አለ። በቤት ሠራተኛነት ወደ ዓረብ ሀገር የምትሄድ አለች። የአፋርን በረሃ አቋርጦ በጅቡቲ የኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገር ወጣትም አለ። የዩኒቨርሲቲ ምደባው ጋምቤላ ወይም ሰመራ የሆነ ተማሪም ያው መንገደኛ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ በየወደቡና በየአውሮፕላን ማረፊያው የሚሠራው የክትባት ደንብ በዋናነት የሚጠብቀው ተቀባዩን ሀገር ነው። መንገደኛውን ራሱንና ትቶት የሚሄደውን ቤተሰብ የሚጠብቀው ከመንገድ በፊት ያሉት ቀናትና ከመንገድ መልስ የሚቀርበው ጥያቄ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ መደረግ ያለባቸው በድንበር ሳይሆን በመነሻው ቦታ፣ በሲሪንቃ፣ በመርሳና በወልድያ ነው።

ደንቡ ከየት መጣ?

የመንገደኛ የጤና ደንብ የተወለደው በባሕር ወደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1377 የራጉሳ ከተማ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ ከወረርሽኝ አካባቢ የሚመጡ ሰዎች ወደ ከተማ ከመግባታቸው በፊት ለሠላሳ ቀናት ተለይተው እንዲቆዩ ደነገገች። ኋላም ቀናቱ ወደ አርባ ከፍ አሉ። «ኳራንቲን» የሚለው ቃል የመጣው አርባ ከሚለው የጣሊያንኛ ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን በሽታን የሚያመጣው ረቂቅ ተሕዋስ አይታወቅም ነበር። ይሁን እንጂ ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር ተረድተው ነበር፤ ይኸውም በሽታ ከመታየቱ በፊት በሰው ውስጥ ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜ እንዳለው ነው።

ከስድስት መቶ ዓመታት በኋላም መርከብ የዚህ ትምህርት ዋና ምሳሌ እንደሆነ ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 «ዳይመንድ ፕሪንሰስ» የተባለችው የመዝናኛ መርከብ በጃፓን ዮኮሃማ ወደብ ታግዳ በቆየችበት ጊዜ፣ ከተሳፈሩት 3,711 መንገደኞችና ሠራተኞች መካከል 712ቱ በኮሮና ቫይረስ መያዛቸው ተረጋግጧል። ብዙ ሰው በአንድ ጣራ ሥር ይበላል፣ ይተኛል፣ አንድ ዓይነት አየር ይተነፍሳል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2021 መርከቦቹ ወደ ሥራ ሲመለሱ ብዙዎቹ ኩባንያዎች አስቀድሞ ያልተከተበ መንገደኛ አናሳፍርም አሉ። ያ ግዴታ ዛሬ በአብዛኛው ቀርቷል፤ ያስገኘው ትምህርት ግን አልቀረም።

የእኛ ሀገር ሰው የመዝናኛ መርከብ መንገደኛ እምብዛም አይደለም። ነገር ግን ሰው የታጨቀበት አውቶቡስ፣ ሃምሳ ሰው በአንድ ዳስ የሚያድርበት የሰሊጥ እርሻ፣ የሚና ድንኳኖች፣ ከአቅሟ በላይ የጫነች የኦቦክ ጀልባ ለረቂቅ ተሕዋስያን ከመርከቧ የሚለዩበት ነገር ጥቂት ነው። ልዩነቱ መርከቧ ደንብና ሐኪም ያላት መሆኑ ነው።

አሥር ቀን ለምን?

ዛሬ ሀገራት የሚመሩበት ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ እ.ኤ.አ. በ2005 ጸድቆ በሰኔ 2007 ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ደንብ ውስጥ ለመግቢያ ፈቃድ የክትባት ማስረጃ እንዲጠየቅበት በስም ተለይቶ የተቀመጠው በሽታ ቢጫ ወባ ነው። በሽታው ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተነሣው ወረርሽኝ 100,000 ገደማ ሰው ታሞ 30,000 ገደማ እንደሞተ ይገመታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን ታይቷል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የምትጠይቀው ለዚህ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው ኤዴስ ኢጂፕታይ የተባለችው ትንኝ በጂዳ አለች፤ በዚያ ደንጊ የተባለውን ሌላ በሽታ ታሰራጫለች። ቫይረሱ ከገባ ተሸካሚ አያጣም ማለት ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን፣ ማክስ ታይለር ለዚህ ሥራው በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ክትባቱ የተዳከመ ነገር ግን ሕያው የሆነ ቫይረስ ነው። በክንድ ከተወጋ በኋላ በሰውነት ውስጥ ጥቂት ይራባል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ይህን እንግዳ ለይተው ያውቁታል፣ ይባዛሉ፣ ቫይረሱን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ለዚህም ነው ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡበት ቀን ሳይሆን ከአሥር ቀን በኋላ የሆነው። በአንጻሩ የዱሩ ቫይረስ በትንኝ ንክሻ ከገባ በኋላ በሽታውን ለመግለጥ ከ3 እስከ 6 ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ዛሬ ተከትቦ በማግሥቱ ወደ በሽታው አካባቢ የገባና የተነከሰ ሰው ያልተከተበ ያህል የተጋለጠ ነው። አሥሩ ቀን የቢሮ ቀጠሮ ሳይሆን የሰውነት ሥራ ጊዜ ነው።

መልካሙ ዜና፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የዚህ ካርድ ዋጋ ለዕድሜ ልክ ነው። በዕድሜ አንድ ጊዜ፣ በጊዜው፣ በተሰየመ የክትባት ማዕከል መከተብ በቂ ነው። ሕያው ክትባት በመሆኑ ግን ነፍሰ ጡሮች፣ ከ9 ወር በታች ያሉ ሕፃናት፣ የመከላከል አቅማቸው በጽኑ የተዳከመና ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ጉዳያቸው በሐኪም መታየት አለበት።

የማጅራት ገትር ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ኢትዮጵያ የምትገኘው ከሴኔጋል እስከ ቀይ ባሕር አቅራቢያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ወቅት የተነሣው የኤ ዓይነት ወረርሽኝ ከተመላሽ መንገደኞች ጋር ወደ ብዙ ሀገር ተሠራጨ፤ በቀጣዩ ዓመት በሱዳንና በኢትዮጵያ የደረሰው ከባድ ወረርሽኝም ከዚሁ ዝርያ ጋር የተያያዘ ነበር። በ2000 ደግሞ ደብልዩ 135 የተባለው ዓይነት ከሐጅ ጋር ተያይዞ ተዛመተ። ከዚያ ወዲህ ሑጃጆች አራቱንም ዓይነቶች (ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ 135 እና ዋይ) የሚከላከል ክትባት እንዲከተቡ ግዴታ ሆኗል። እዚህም ላይ ቁጥሩ ያው ነው፤ ክትባቱ ሳዑዲ ዓረቢያ ከመድረስ ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት መሰጠት አለበት። ካርዱም እንደ ክትባቱ ዓይነት የሚያገለግለው ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ነው።

በግዕዝም በአማርኛም «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ ክትባትም ከዚሁ የወጣ ነው። ስለዚህ መንገደኛ ሲከተብ ሁለት ጽሕፈት ይከናወናል፤ አንዱ በወረቀት፣ አንዱ በደም ውስጥ። የወረቀቱ ጽሕፈት በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ የደሙ ግን አሥር ቀን ይፈጃል። ቀኑን ወደ ኋላ አስጽፎ ካርድ የሚይዝ ሰው የኬላውን ዘበኛ ሊያልፍ ይችላል። ትንኝ ግን ወረቀት አታነብም።

ደንብ የሌለበት መንገድ

እስካሁን የተናገርነው ካርድ ስለሚጠየቅበት ጉዞ ነው። ከሲሪንቃ ወደ መተማ በአውቶቡስ የሚሄደውን የቀን ሠራተኛ ግን ካርድ አምጣ የሚለው የለም። እርሱን የሚጠብቁት በሽታዎች ደግሞ ከቢጫ ወባ የበለጠ የቅርብ ናቸው።

የመጀመሪያው ወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በሀገራችን ከፍተኛ ቦታዎች በደረሰው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ታሞ 150,000 ገደማ እንደሞተ ተገምቷል። ጉዳቱ የከፋው ሕዝቡ በሽታውን ስለማያውቀው፣ ሰውነቱም ስላልለመደው ነበር። ከደጋና ከወይና ደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሠራተኛ ወይም ተማሪም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እና በ2023 የፈቀዳቸው የወባ ክትባቶች ለሕፃናት የተዘጋጁ ናቸው፤ ለአዋቂ መንገደኛ የሚሰጥ የወባ ክትባት የለም። ስንቁ በመድኃኒት የተነከረ አጎበርና ከሐኪም ጋር ተመክሮ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ነው። እነዚህም ቢሆኑ ጊዜ ይጠይቃሉ። ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ይጀመራል፤ ከተመለሱም በኋላ ለአራት ሳምንታት ይቀጥላል።

ሁለተኛው ካላዛር ነው። በመተማና በሁመራ ጥቁር አፈር ስንጥቆችና በግራር ዛፎች ሥር የምትኖር የአሸዋ ዝንብ ታስተላልፈዋለች። ይህ በሽታ ለሰው የሚሆን ክትባት የለውም። ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወራት ቆይቶ ነው፤ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል። ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል፤ በጊዜው ከታከመ ግን ይድናል።

ሦስተኛው ኮሌራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በየመን የጀመረው ወረርሽኝ እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጠርጣሪ ሕሙማን ተመዝግበውበታል። ከኦቦክ በጀልባ የሚሻገሩት ወጣቶቻችን የሚሄዱት ወደዚህ ነው። በሀገር ውስጥም በ2023 በምዕራብ ጎንደር በሚገኘው የበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ከተለያየ አካባቢ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። የባሕሩን ጉዞ አንመክርም፤ አደጋው ከበሽታ በላይ ነው። ሆኖም የሚሄድ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ እውቀት አለ። ውኃን ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም ይገባል። ተቅማጥ ሲጀምር ደግሞ ኦ.አር.ኤስ. ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ እየጠጡ በፍጥነት ወደ ሕክምና መሄድ ሕይወት ያድናል።

መንጋጋ ቆልፍም (ቴታነስ) አይረሳ። ማጭድ ይዞ ለሚውል ሠራተኛ ይህ ክትባት ከማንኛውም በላይ ይሠራል። በሀገራችን እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተቡታል፤ ጎልማሳ ወንዶች ግን እንከተብ ብለው ሲጠይቁ እምብዛም አይታይም።

አንዱ ጥያቄ

ከመንገድ መልስ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሊቦ ከምከም ነግሮናል። በዚህ የደቡብ ጎንደር ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የካላዛር ወረርሽኝ መኖሩ ተረጋገጠ። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ በሽታው የማይታወቅበት ስፍራ ነበር። ሰዎቹ ከመለየቱ በፊት ለረጅም ጊዜ የታከሙት ለመድኃኒት አልበገር ያለ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ለወረርሽኙ መነሻ የሚሆነው አሳማኝ ምክንያት ከሁመራና ከመተማ የሚመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች በሽታውን ይዘው መምጣታቸው ነው፤ ተስማሚ የአሸዋ ዝንብ በአካባቢው ስለነበረች በዚያ ላልሄዱት ለልጆችና ለእናቶች ተረፈ።

ሲሪንቃ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህን የምንጽፈው በሽታው እዚያ አለ ለማለት አይደለም። ቆላ ወርዶ በሚመለስ ሰው ዘንድ፣ ከፍታ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ለማስረዳት ነው። ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ለመጣ ሰው ባለሙያው «ወንድሜ፣ ባለፉት ወራት የት ሠርተህ መጣህ?» ብሎ ቢጠይቀው የምርመራው መንገድ ይለወጣል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳትና የመተማ ቆይታ ሲገናኙ ካላዛር ይጠረጠራል፤ በደም ጠብታ የሚሠራ ፈጣን ምርመራም አለ። ጠያቂ ባይኖር እንኳ ታማሚው ራሱ «መተማ ከርሜ ነው የመጣሁት» ይበል።

ኬላው የት ይሁን?

«ኬላ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የድንበር ፍተሻን ነው። ነገር ግን በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚሠሩበት ትንሽ ቤትም ስሙ ጤና ኬላ ነው። ስሙ ራሱ መልሱን ይዟል ብለን እናምናለን። መንገደኛው መጀመሪያ ማለፍ ያለበት ይህን ኬላ ነው።

ለውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት በወጣው በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ወደ ውጭ የሚሄድ ሠራተኛ የጤና ምርመራ ያደርጋል። ምርመራው ተገቢ ነው። ነገር ግን ምርመራው የሚመልሰው ጥያቄ ሠራተኛዋ በሽታ አለባት ወይስ የለባትም የሚለውን ነው። ከምትሄድበት በሽታ ምን ያህል ተጠብቃለች የሚለው የሌላ ሰው ኃላፊነት ሆኖ ይቀራል። የእኛ ሐሳብ ምርመራው በሚደረግበት ቀን ክትባቱና ምክሩ አብረው ይሰጡ፤ የጉዞው ቀንም ከዚያ አሥር ቀን በኋላ ይቆረጥ የሚል ነው። ለወቅታዊ ሠራተኞች ደግሞ የሐምሌው አረምና የመስከረሙ አጨዳ ወቅት የታወቀ ነው፤ ሰው ከመንቀሳቀሱ በፊት ባሉት ሳምንታት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ አጎበርና አጭር ትምህርት በመነሻው ቀበሌ ሊዘጋጅ ይችላል።

ይህን የሚቃወም ሐሳብ መኖሩን እናውቃለን። በእ.ኤ.አ. 2021 ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ መደበኛውን ሥራ ለመሥራት በሚቸገር ተቋም ላይ አዲስ ሥራ መጫን ተገቢ ነው ወይ? ሊባል ይችላል። ነገር ግን የጠየቅነው በአብዛኛው አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ መሣሪያ የሚፈልግ አይደለም። «የት ሠርተህ መጣህ?» የሚለው ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም። አሥር ቀን መቁጠርም እንዲሁ። ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ግን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሊቦ ከምከም አሳይቶናል።

ሌላው መከራከሪያ፣ ኑሮ የገፋው ሰው አሥር ቀን የሚጠብቅበት አቅም የለውም የሚል ነው። ይህ እውነት አለው። ስለዚህም ነው ቀናቱ ከጉዞው ቀን ወደፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ይቆጠሩ የምንለው። ወደ ዓረብ ሀገር የሚሄድ ሰው ፓስፖርትና ቪዛ ሲጠብቅ ሳምንታት ያልፋሉ። ሑጃጅ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ብዙ ጊዜ አለው። ጊዜው አለ፤ የጎደለው የሚቆጥረው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው የዚህ መጽሔት አንባብያን ድርሻ የሚመጣው። በየቤቱ ፎርም የሚሞላው፣ የቪዛውን ወረቀት የሚያነበው፣ ቀኑን ከፈረንጅ አቆጣጠር ወደ ሀገራችን የሚመልሰው ተማሪው ነው። አጎቱ ወደ መተማ ሲወርድ፣ እኅቱ ወደ ሪያድ ስትሄድ፣ አያቱ ለሐጅ ሲነሡ፣ ተማሪው ከጉዞው ቀን አሥር ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ ያንን ቀን በግድግዳው መቁጠሪያ ላይ ያክብበው። ደንቦች በየጊዜው ስለሚታደሱ በዚያው ሰሞን ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ። መንገደኛው ሲመለስም ትኩሳት ቢጀምረው ከእርሱ ጋር ሄዶ የነበረበትን ቦታ ለባለሙያው ይናገር።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ለሲሪንቃ መንገደኛ ቅጠሉ በእጁ ነው፤ ስንቁ ሲፈጭ ክትባቱም በዚያው ሰሞን ይታሰብ።